በመጨረሻው ትዕይንት የታየው ሽጉጥ

ሸሪደን፣ ዋዮሚንግ
ማርች 6 ቀን 1977

ለወይዘሮ ኦፓል ሬንፍሮ፤

እንደምን ሰነበቱ? ፖስታ ካርድዎ ደርሶኛል። ባለቤትዎን አቶ ቨርጂልን ለምን እንደምፈልጋቸው ለጠየቁኝ መልሱ አጭር ነበር፤ እኔ ግን ማሳጠር አልችልበትምና ይታገሡኝ። የመጀመሪያውን ደብዳቤዬን «የመሣሪያ ክፍል ኃላፊ ለነበረው ሰው» ብዬ መላኬ ክብር ለመንፈግ አልነበረም። ስማቸው በሠሩበት ፊልም ላይ የለም። የተዋናይቱን ጸጉር የሠራችው ሴት ስም አለ፤ ፈረሶቹን ያከራየው ሰውዬ ስም አለ፤ የእርሳቸው ግን የለም።

ሌስተር ፕሩዊት እባላለሁ። ኮርቻና አሮጌ መሣሪያ እጠግናለሁ፤ የዚህ አካባቢ የአሮጌ መሣሪያ ማኅበር ሊቀ መንበርም ነኝ። ለስቱዲዮዎች ሁሉ ስድብ እየጻፈ የሚልክ አንድ ሥራ ፈት አለ ሲባል ሰምተው ከሆነ እኔ ነኝ። ስድብ የሚሉት እነሱ ናቸው፤ እኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው። ታሪኩ በ1863 ነው ይሉንና ፈረሰኛው ከወገቡ የሚመዘው በ1873 የወጣውን ኮልት ሽጉጥ ነው። ሰው ገና ባሩድና የእርሳስ አረር በዘንግ እየጠቀጠቀ በሚያጎርስበት ዘመን ይኼ ጀግና ቀለህ ያለው ጥይት ይተኩሳል። ባለፈው ዓመት ደግሞ የ1892ን ጠመንጃ የፊት እንጨቱን ነቅለው የሠላሳ ዓመት ታላቁ ነው ሊሉን ሞከሩ። አህያን ጆሮዋን ቆርጦ ፈረስ ናት እንደማለት ነው። ይህን የሚሠሩ ሰዎች ደመወዝ ይበላሉ፤ ልጆቻቸውም አባታችን ሥራ ውሏል ብለው ያምናሉ።

በየዓመቱ በጁን አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ስልሳ የምንሆን አባላት የከተማውን ሲኒማ ቤት ይዘን አንድ ፊልም እናያለን። ሁላችንም የቆርቆሮ ኩባያና ማንኪያ ይዘን ነው የምንገባው። ዘመኑን የሳተ መሣሪያ ብቅ ባለ ቁጥር ኩባያ እንመታለን። ባለፈው ዓመት የተዋንያኑን ንግግር የሰማ ሰው አልነበረም። የሚያስቆጭ ንግግር ስላልነበረ ማንም ቅር አላለውም።

ዘንድሮ የምናሳየው ባለቤትዎ የሠሩበትን «የሰባት ማይል ውሃ»ን ነው። በ1952 የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ነው ያየሁት። ታሪኩ በ1863 ነው፤ ሽጉጥ የሚታይባቸው ሃምሳ ሁለት ትዕይንቶች አሉት። በሃምሳ አንዱ ላይ ያሉት ስድስት ጎራሾች ሁሉ እውነተኛዎቹ የ1860 ናቸው፤ ጥይት ከሚጎርሰው ተሽከርካሪ በላይ ድልድይ ብረት የላቸውም፣ ከአፈሙዙ ሥር መጠቅጠቂያው ዘንግ ተኝቷል። ፊልሙ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ከብት ነጂ አምስቱን የጥይት ጎሬ ብቻ አጉርሶ መቺው የሚያርፍበትን ስድስተኛውን ባዶ ሲተወው አይቼ፣ ፈረሱ ሲንገጫገጭ እግሩን እንዳይመታው መሆኑ የገባው ሰው በዚያ ስቱዲዮ ውስጥ አለ ማለት ነው ብዬ ከመቀመጫዬ ተነስቻለሁ። ይህን ልማድ የሚያውቅ ሰው ሊናቅ አይችልም።

ታዲያ በመጨረሻው ትዕይንት ዳኛው በሩ ላይ ቆሞ ካሜራው ወደ እጁ ሲቀርብ የያዘው ያንኑ ድልድይ ብረት ያለበትን የ1873 ቆሻሻ ነው። እራት አቅርቦ ትሪው ላይ መትፋት ይሏል ይኼ ነው። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ አንገብግቦኛል። ያን ቀን ዓይናቸው የት ነበር? ጁን 12 መጥተው በስልሳ ሰው ፊት እንዲነግሩን ጋብዣቸዋለሁ። ሃምሳ አንዱን እናጨበጭብላቸዋለን፤ ለአንዱ ግን ኩባያው አይቀርላቸውም።

አክባሪዎ
ሌስተር ፕሩዊት


ኒውሆል፣ ካሊፎርኒያ
ማርች 19 ቀን 1977

ለአቶ ፕሩዊት፤

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ጤናችን መጠየቅ ባያስታውሱም ደህና ነን።

ቨርጂል ይመጣል። እኔ እምቢ ልል ነበር፤ ነገር ግን ደብዳቤ የማነብለት እኔ ነኝና ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ እሱ እሺ አለ። ማኅበራችሁ ስቱዲዮውን ለማናደድ በነፃ የሚልከውን መጽሔት ጡረታ ስወጣ ወደ ቤታችን እንዲላክ አድርጌ ነበር። በየወሩ አነብለታለሁ። በዚህ ቤት ውስጥ ከሚያስቁት ጥቂት ነገሮች አንዱ የእርስዎ ንዴት ነው። ስለ ኩባያውም ያውቃል።

ሦስተኛውን ገጽ ግን አላነበብኩለትም። ስለዚህ አንድ ነገር እጠይቅዎታለሁ፤ ከዚያ በኋላ ምንም አልጠይቅም። የፊልሙ የመጨረሻ ጥቅል ሳይታይ መብራቱ ይብራ። ሰው ሁሉ ታሪኩን ያውቀዋል፤ ዳኛው እንደሚያሸንፍ ለማየት ማንም ሰው ዋዮሚንግ ድረስ መምጣት አያስፈልገውም።

ምክንያቱን አልነግርዎትም። ዝም አይነቅዝም።

ኦፓል ሬንፍሮ


ሸሪደን
ኤፕሪል 2 ቀን 1977

ለወይዘሮ ሬንፍሮ፤

ስለ ጤናችሁ ባለመጠየቄ ይቅርታ። ከደብዳቤው በኋላ የላኩት ቴሌግራምም ደርሷል። የፊልም ማሽኑ ተበላሸ ብዬ እንዳቆም የሰጡኝን ምክር ሳነብ አንድ ጊዜ ሳቅኩ፤ ቀጥሎ አዘንኩ። ማሽኑን የማንቀሳቅሰው እኔ ራሴ ነኝ። ስልሳ ጠመንጃ ሠሪ በተሰበሰበበት አዳራሽ የፊልም ማሽን ተበላሸ ማለት ለስልሳ ነጂዎች መኪናው ቆመ እንደማለት ነው፤ ሁሉም መጠገኛውን ይዞ ይነሳል።

በግልጽ ልናገር። ይኼ ልመናዎ የሚሸተኝ አንድ ነገር ነው፤ ባለቤትዎ ያን ቀን ሰልችቷቸው ወይ ጠጥተው እጃቸው የገባውን ሰጡ፤ አሁን ደግሞ ሚስታቸው ትከላከልላቸዋለች። ከአንድ ሰነፍ ይልቅ ሊቅ ሆኖ ሳለ የሰነፈ ሰው ያናድደኛል። ሰነፉ ምን ያድርግ፣ ዓይን አልተሰጠውም። ለአቶ ቨርጂል ግን ተሰጥቷቸው ነበር። አውቀው ጨፈኑት።

ፊልሙ ሙሉውን ይታያል። ሊመጡ የማይደፍሩ ከሆነም እንረዳለን፤ በእፍረት ዝርዝራችን ላይ ስማቸውን ማስፈር ሳይገኙም ይቻላል። እስከ ዛሬ በዝርዝሩ ላይ የሚወጣው የፊልም ስም ብቻ ነበር፤ አሁን የሰው ስም አግኝተናል።

አክባሪዎ
ሌስተር ፕሩዊት


ኒውሆል
ኤፕሪል 20 ቀን 1977

ሌስተር፤

«አቶ» የምትለው ቃል ዛሬ ከብዕሬ አልወጣ አለችኝ። ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ አንተ እልሃለሁ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ሁለት ሳምንት የፈጀብኝ ቃል አጥቼ አይደለም፤ የመጣልኝን ቃል ሁሉ ፖስታ ቤት አይቀበለውም ነበር።

ያን ቀን ዓይናቸው የት ነበር ብለሃል። ሆስፒታል ነበር፣ ፋሻ ሥር። ከዚያ ወዲህም ወደ ቦታው አልተመለሰም። ቨርጂል ዕውር ነው።

ፊልሙ ላይ የምታያቸውን ሠላሳ ሽጉጦች ከየእርሻው፣ ከየባልቴቱ ሣጥን ለቅሞ ያመጣቸው እሱ ነው። ሌላው ባልደረባው ሁሉ ከመደርደሪያ እያነሳ ሲያድል እሱ በራሱ መኪና አምስት ሳምንት ዞሯል። አሠሪዎቹ ሳቁበት። «ቨርጂል፣ ማን ያይልሃል?» አሉት። «አንድ ሰው ያያል» አለ። ያ አንድ ሰው አንተ ሆነህ ተገኘህ።

ሠላሳ አንደኛው የመጣው ቀረጻው ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። እጀታው ያማረ ነበርና ዳይሬክተሩ ለዳኛው፣ ለመጨረሻው ትዕይንት ፈለገው። ሲመጣ ባሩዱም አረሩም ውስጡ ነበር፤ የአሮጌ ሽጉጥ ወጉ ነው። ቨርጂል አምስቱን ጎሬ አንድ በአንድ ባዶ አደረገ። ስድስተኛውን፣ ከመቺው ሥር ያለውን፣ አልፈተሸም። አንተ ከመቀመጫህ ያስነሳህን ያንኑ ልማድ ያውቅ ነበራ። ማንም ዐዋቂ ሰው እዚያ ጎሬ ውስጥ አያጎርስም። የሽጉጡ ባለቤት ግን ከብት ነጂ አልነበረም። ጥርስ ነቃይ ነበር፤ ልማዱን የነገረው ሰው የለም፤ ስድስቱንም ሞልቶ ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ ሞተ። ቨርጂል የዛገውን ብሎን ለማላላት እሳት ሲያስጠጋ ባሩዱ ፈንድቶ በኋላ በኩል ወደ ፊቱ ወጣ።

መሃይም ቢሆን ኖሮ ስድስቱንም ይፈትሽ ነበር። እኔ ብሆን እፈትሽ ነበር።

አሁን ደግሞ አንድ ሌላ ነገር ስማ። ዳኛውን የሚሠራው ዋናው ተዋናይ መቺውን ሳይደናበር መሳብ አይችልም ነበር፤ ካሜራው በቀረበ ቁጥር የሚታየው የቨርጂል እጅ ነበር። በመጨረሻው ትዕይንት እጅ ጠፋ። ስለዚህ የእኔን ሰጠኋቸው፣ በወንድ ጓንት። ሠላሳዎቹን ሣጥን ውስጥ ቆልፌ ከመደርደሪያው የ1873ቱን ያነሳሁትም እኔ ነኝ። ስህተት መሆኑን አላውቅም ነበር ብለህ አታስብ፤ እስከዚያ ቀን በመሣሪያ ክፍሉ ለአሥራ ሁለት ዓመት አብሬው ሠርቼ ነበር። ፈርቼ ነው በል። አንተ ግን ስንት ጊዜ ነው ያየኸው? ብረቱን በዓመተ ምሕረት ትለያለህ፤ የሴት እጅ ከወንድ እጅ አለመለየትህን ለስልሳዎቹ ወዳጆችህ ንገራቸው።

ቨርጂል ይህን አያውቅም። ሆስፒታል ሆኖ «እንዴት ጨረሱት?» ሲለኝ «በትክክለኛው» አልኩት። ሃያ አምስት ዓመት ያችን ውሸት አቅፎ ኖሯል። በሕይወቴ አንድ ነገር ያለ እንከን ሠራሁ የሚለው ያንን ፊልም ነው። አሁን ሻንጣ አስወርዶኛል፣ ኮቱን አስተኩሶኛል፤ እንቅር ብለው አይሰማኝም። ዓይኑ እንጂ ጆሮው አልተነካም። ስልሳ ኩባያ ሲመታበት ምን እንደሆነ ይገባዋል።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀትህን ትለቅ እንደሆነ እናያለን።

ኦፓል


ሸሪደን
ሜይ 8 ቀን 1977

ለተከበሩ ወይዘሮ ሬንፍሮ፤

ይቅርታ ለመጠየቅ አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጃለሁ። አንደኛው ስለ ራሴ ብዙ ያወራ ነበር። ሁለተኛው ስለ ስድስተኛው ጎሬ ማብራሪያ ውስጥ ገባ፤ ወታደሮች ስድስቱንም ያጎርሱ እንደነበር ላስረዳዎት ሁሉ ቃጥቶኝ ነበር። የቀሩትን አልነግርዎትም። ስለዚህ እንዲሁ በደረቁ ይቅርታ ብዬ ልለፍ።

ስለ ጠየቁኝ ነገር፤ ፊልሙን አልቆርጥም። እርሳቸው የፊልም ጥቅል ስንት እንደሆነ ያውቃሉ፤ ቢቆረጥ ይነቁብናል። ነገር ግን ማንም ኩባያ አይመታም። ስልሳውንም ቤት ለቤት ዞሬ ነግሬአቸዋለሁ። ዓይነ ስውር መሆናቸውን ብቻ ነው የነገርኳቸው፤ የቀረው የእርስዎ ነው። ኦቲስ ብራንት የሚባል ሰማንያ ዓመት የሞላው ሽማግሌያችን ብቻ አስቸገረኝ። «ስህተት ስህተት ነው፤ ሰውየው ዓይኑ ስለጠፋ ብረቱ አይለወጥም» አለኝ። እኔም ከአንድ ወር በፊት ቃል በቃል የምለው ይህንኑ ነበር። መጨረሻ ላይ እቤትህ ዶሮ ጠብቅ አልኩት። ለማንኛውም ብዬ በዕለቱ ማንኪያዎቹን በር ላይ እሰበስባለሁ።

የመጨረሻውን ትዕይንት ትናንት ደግሜ አየሁት። ብረቱን በእጄ ከልዬ እጁን ብቻ ለማየት ሞከርኩ። ጓንቱ ሰፊ ነው። የአውራ ጣቱ ጫፍ ባዶ ነው፤ መቺው ሲሳብ ይታጠፋል። ሕፃን ልጅ የሚያየው ነገር ነው። ከሠላሳ ጊዜ በላይ አይቼ አላየሁትም፤ በዚህ ላይ በሌላው ሰው ዓይን ስቀልድ ነበር።

እባክዎ ይምጡ። ከፊት ሁለት ወንበር አስቀምጫለሁ። ባለቤቴ አላቤ ባቄላና የበሬ ሥጋ ወጥ ታዘጋጃለች። እርሷ ደብዳቤዎን አንብባ ለሁለት ቀን አላናገረችኝም።

ሌስተር ፕሩዊት


ኒውሆል
ጁን 27 ቀን 1977

ሌስተር፤

በሰላም ገብተናል። አላቤን ስለ ወጡ አመስግንልኝ። ሳንሰናበት የወጣነው ተቀይመን ነው ወይ ላልከኝ፣ እኔ አልተቀየምኩም፤ ቨርጂል ግን ተቀይሞ ነበር። በማን እንደሆነ ልንገርህ።

በአዳራሹ ስለሆነው ነገር ጥፋቱን ሁሉ ወደ ራስህ አትሰብስብ። ማንኪያ በር ላይ ስትሰበስብ የዕውሩን ሰው ኪስ መፈተሽ ያላሰብከው አንተ ብቻ አይደለህም። እኔ ኮቱን ራሴ ተኩሼ ራሴ አልብሼው፣ የጢም መላጫ ኩባያውን ከነማንኪያው ከኒውሆል ጀምሮ ኪሱ ውስጥ ይዞ መምጣቱን አላወቅኩም። ሃምሳ አንዱ ትዕይንት ሲያልፍ ስታጨበጭቡለት ፈገግ ብሎ ነበር። ከዚያ ያ ጸጥታ መጣ። ስልሳ ሰው እስትንፋሱን ይዞ። መቺው ሲሳብ አራቴ ቀጭ ሲል፣ የ1873ቱ ብቻ ነው እስከ አራት የሚቆጥረው፣ ኩባያውን ብቻውን መታው። ምን ያህል እንደመታው አንተም ታውቃለህ። መብራቱ እስኪበራ።

በመመለሻችን ሮክ ስፕሪንግስ ከተማ ላይ ቆምን። ምሳ ልንበላ ገብተን የፖም ኬኩ ሲመጣ ነው አፉን የፈታው።

«ስልሳ ሰው ባንድ ላይ አዝኖልኝ አያውቅም» አለ። «ሃያ አምስት ዓመት ዕውር ሆኜ እንደዚያች ደቂቃ ዕውር ሆኜ አላውቅም።»

ስለ 1873ቱ ማን ነገረህ አልኩት። ሆስፒታል በገባ በሳምንቱ ሊጠይቀው የመጣ የመብራት ሠራተኛ ነግሮት ኖሯል። ሃያ አምስት ዓመት! ታዲያ ለምን ዝም አልክ ብዬ ጮህኩበት፤ አስተናጋጇ ዞር ብላ አየችን።

«ስትዋሺ ድምፅሽ ያምራል» አለኝ። «ደግሞ ገጽ ስትዘዪ ወረቀቱ ይሰማኛል፣ ኦፓል። ያ ሰውዬ ሦስተኛ ገጽ ላይ ምን እንደጻፈ አላጣሁትም። የመጣሁትም ለዚያ ነው። የሌላውን ሥራ ዘጠኝ ዓመት እየሰማሁ ስቄበት የራሴ ላይ ሲደርስ ሰው ጸጥ ካለልኝ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?»

ያን የ1873ቱን ያነሳሽው ፈርተሽ መስሎኝ ነበር አለና አንድ ነገር ጠየቀኝ። ሠላሳዎቹ ሽጉጦች ባዶ መሆናቸውን፣ ለሳምንታት ሲተኮስባቸው እንደከረሙ አላውቅም ነበር ወይ? አውቅ ነበር አልኩት።

«እንግዲያው ከፍርሃት አልነበረም» አለ።

«አልነበረም።»

«ታዲያ ከምን ነበር?»

ለአንተ ፈርቼ ነው ብዬ ጽፌልሃለሁ፤ ለራሴም ያልኩት እንደዚያው ነው። ለሱ ግን እውነቱን ነገርኩት። ከንቀት ነው። አሠሪዎቹ ባሌን ከወለሉ ላይ ባነሱ በሁለተኛው ቀን መጥተው፣ እነዚያ ሲስቁበት የነበሩት ሁሉ፣ «የቨርጂልን ሥራ እንዳናበላሽ ትክክለኛውን ስጪን» አሉኝ። ናቅኳቸው። ሽጉጡን ናቅኩት፣ 1863ን ናቅኩት፣ ያየዋል የተባለውን አንዱን ሰውዬም፣ ፊቱን ሳላውቀው፣ ናቅኩት። መደርደሪያው ላይ ካሉት ሁሉ ይበልጥ ስህተት የሆነውን መርጬ ጓንቱን አጠለቅኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን እጄ ሳይንቀጠቀጥ ሠርቼ አላውቅም።

ቨርጂል ሹካውን አስቀምጦ ሳቀ። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ እንዲያ ሲስቅ አልሰማሁትም። ከዚያ ወረቀት አውጪ አለኝና ይህን አስጻፈኝ፤ እንዳለ እልክልሃለሁ፤

«የሰባት ማይል ውሃ። ሃምሳ አንዱ ትዕይንት የቨርጂል ሬንፍሮ ነው፤ እንከን የለውም። ሃምሳ ሁለተኛው የሌላ ሰው ሥራ ስለሆነ ከሃምሳ አንዱ ጋር አይቆጠር። የእፍረት ዝርዝሩ ላይ ይውጣ። ሊቀ መንበሩ ካዘነልን ማኅበሩን ይዝጋና ለኦቲስ ብራንት ያስረክብ።»

እኔ የምጨምረው ትንሽ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚያ መሣሪያ ክፍል ስሠራ ስሜ አንድም ፊልም ላይ ወጥቶ አያውቅም። አሁን ካወጣኸው «የሬንፍሮ ሚስት» እንዳትል። ኦፓል ሬንፍሮ በል። ተሳስታ አትበል። ሆን ብላ በል።

ኦፓል